«ብሉማርት» የሚል ስም ያለበት የመናኝ ቅዱስ ንድፍ፦ የማን እጅ ነው? ዘመኑስ መቼ ነው?

የወረቀት ወዳጅ (ኡትሬኽት)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ወር፣ በምኖርበት በኔዘርላንድ ኡትሬኽት ከተማ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት የቅዳሜ ገበያ አንድ ትንሽ ንድፍ በ40 ዩሮ ገዛሁ። የተሰባበሩ የሥዕል ክፈፎች ከታጨቁበት ካርቶን ሥር ነበር ያገኘሁት። ቁመቱ 14፣ ስፋቱ 9 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በላባ ብዕርና በቡናማ ቀለም የተሣለ ሲሆን፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ አረጋዊ ከዋሻ ደጅ ተቀምጦ ይታይበታል። አረጋዊው የለበሰው እንደ ሰሌን የተታታ ቅጠል ነው፤ ከበላዩም አንድ ቁራ ዳቦ በአፉ ይዞ ይወርዳል። በታችኛው ቀኝ ጥግ በላቲን ፊደል «አ. ብሉማርት ፌኪት» የሚል ተጽፎበታል፤ «ብሉማርት ሠራው» ማለት ነው። ወረቀቱ መሐል ለመሐል አንድ ጊዜ ታጥፎ የነበረ ሲሆን፣ አሁን በአራቱም ጥጎቹ በሰማያዊ ካርቶን ላይ ተለጥፏል።

ሻጩ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእጅ ሥራ ነው ብሎኛል። እኔ እህታችሁ ግን ከሻጩ ቃልና በጥጉ ካለው ስም በቀር ምንም ማስረጃ የለኝም። ቅዱሱ ማን ነው? እጁ በእርግጥ የአብራሃም ብሉማርት ነው? ዘመኑን ለማወቅስ ከምን ልጀምር?

መዝገብ

እህቴ፣ ጥያቄዎን በዚህ መልክ ስላቀረቡ አመሰግናለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ፣ ያንን ስም ለጊዜው እንዳላዩት እንዲሆኑ ነው። በአሮጌ ንድፍ ላይ ስም የሚጽፈው ሠዓሊው ብቻ አይደለም፤ ሰብሳቢው ይጽፋል፣ ነጋዴው ይጽፋል፣ ንድፉን የወረሰ ልጅም አባቱ የነገረውን እንዳይረሳ ብሎ ይጽፋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በቅንነት የጻፉ ናቸው፤ ይሁን እንጂ በቅንነት የተጻፈም ስም ቢሆን በሌላ ማስረጃ እስካልተደገፈ ድረስ ብቻውን አይቆምም።

ስለ ሰውየው ጥቂት ልጨምር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አብራሃም ብሉማርት በ1566 በጎሪንኸም ተወለደ፤ በወጣትነቱ ፓሪስ ተማረ፤ ጥቂት ዓመታት በአምስተርዳም ከቆየ በኋላ የቀረውን ረጅም ዕድሜውን እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ አሳልፎ በ1651 እዚያው አረፈ። ሄንድሪክ ቴር ብሩኸንና ኸሪት ፋን ሆንትሆርስት ከእርሱ ዘንድ የተማሩ ናቸው። ብሉማርት ካቶሊክ ነበር፤ በኡትሬኽት ደግሞ ከ1580 ጀምሮ የካቶሊክ አምልኮ በአደባባይ ስለተከለከለ፣ ምእመናኑ ከውጭ ተራ መኖሪያ በሚመስሉ ቤቶች ውስጥ ተሰውረው ይጸልዩ ነበር። በእንዲህ ያለ ከተማ በመጽሐፍ መሐል የሚቀመጥ ትንሽ የቅዱስ ሥዕል ለምን ይፈለግ እንደነበር ለመረዳት አያዳግትም።

የተረፉለት ንድፎች ከ1,000 በላይ ናቸው፤ ያፕ ቦልተን በ2007 በሁለት ቅጽ መዝግቧቸዋል። ስለዚህ የሚነጻጸርበት ነገር ሞልቷል። አሁን የምለምንዎ ሦስት ፎቶግራፎችን ነው፤ አንዱ ብርሃን ከጀርባው ሲያልፍበት፣ አንዱ ስሙ የተጻፈበትን ቦታ በአጉሊ መነጽር፣ አንዱ ደግሞ የእጥፋቱን መስመር ከዳር እስከ ዳር። ከካርቶኑ ግን በራስዎ እጅ እንዳያላቅቁት አደራ።

የስንክሳር አንባቢ

ስለ ቅዱሱ ማንነት የማውቀውን ላካፍል። ሥዕሉን ባየሁት ጊዜ ልቤ በመጀመሪያ የሄደው ወደ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነበር፤ በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጸጉር የለበሰ አረጋዊ ከወፍ ጋር ሲሣል እያየን ስላደግን ብዙዎቻችሁ እንደዚያ ሳታስቡ አልቀራችሁም። ነገር ግን አቡዬ ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር ይሣላሉ፤ ወፏም ከዓይናቸው ዕንባ የምትጠጣ እንጂ ዳቦ የምታመጣ አይደለችም። የኔዘርላንድ ሠዓሊ እርሳቸውን ያውቃቸው ነበር ለማለትም ምንም መነሻ የለንም።

ቁራና ምግብ ሲባል ነቢዩ ኤልያስ ትዝ ሊለን ይችላል። ለኤልያስ ግን ቁራዎቹ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት በኮራት ወንዝ ዳር ነው፤ እዚህ ወንዝም ሆነ ሥጋ አይታይም። አንበሳና የካርዲናል ቆብ ስለሌለ ሄሮኒሞስም አይደለም። ልብሱ ጸጉር ሳይሆን የተታታ ቅጠል ስለሆነ አቡናፍርንም ትቼዋለሁ።

የቀረን የካቲት 2 ቀን የምናስበው የመጀመሪያው መናኝ አባ ጳውሊ ነው። ልብሱ ከሰሌን የተታታ ነበር፤ ቁራው ለ60 ዓመት በየቀኑ ግማሽ ዳቦ ሲያመጣለት ኖሮ፣ አባ እንጦንስ ሊጎበኘው በመጣ ዕለት ሙሉውን ይዞ እንደመጣ ገድሉ ይተርካል። እህታችን፣ እስቲ የዳቦውን ቅርጽ በደንብ ተመልከቺልን፤ ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ? እንጦንስ በሥዕሉ ላይ ስለሌለ ማለቴ ነው።

የወረቀት ወዳጅ (ኡትሬኽት)

በአጉሊ መነጽር አየሁት። አንዱ ጎኑ ክብ፣ ሌላው ጎኑ ቀጥ ያለ ነው፤ ግማሽ ይመስላል። ስንክሳሩን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ እያለ ይህን አለማስተዋሌ ራሴን አስገርሞኛል።

መዝገብ

ሳላደንቅ አላልፍም፤ ቅዱሱን ለይቶ ማወቅ ፍለጋውን በአንድ ጊዜ ያጠብበዋልና። በዳቦው ቅርጽ ላይ ግን አብዝተን አንደገፍ፤ ከአንድ የብዕር ጭረት ብዙ ማውጣት አይቻልም። አባ ጳውሊ ለመሆኑ የቅጠሉ ልብስና ቁራው ይበቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ብሉማርት የግብፅንና የፍልስጥኤምን መናንያን በተከታታይ ነድፎ፣ ቡትየስ ቦልስቨርት የሚባለው ቀራጭ በመዳብ ላይ ቀርጿቸዋል። መጀመሪያ በ1612 ታተሙ፤ በ1619 ደግሞ በአንትወርፕ ከአጫጭር የሕይወት ታሪኮች ጋር በመጽሐፍ መልክ ወጡ። ወንዶችም ሴቶችም መናንያን ያሉበት ሥራ ነው፤ እንጦንስንና ጳውሊን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ገጾቹን መግለጥ ዘመድ ቤት እንደመግባት ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን እንዲህ ተለውጧል፤ ይህ ወረቀት ህትመቱ ከመቀረጹ በፊት የተሠራው ንድፍ ነው ወይስ ህትመቱን አይቶ ሌላ ሰው የቀዳው?

የጥላ መስመር

የህትመት ሥራ ተምሬያለሁና እዚህ ላይ ልግባ። ሠዓሊው ንድፉን ለቀራጩ ሲሰጥ፣ ቀራጩ የንድፉን መስመሮች በሹል ብረት እየተከተለ ወደ መዳቡ ያስተላልፋል፤ ብዙ ጊዜም የወረቀቱ ጀርባ አስቀድሞ በጠመኔ ይታሻል። መዳቡ ቀለም ተቀብቶ በወረቀት ላይ ሲጫን ሥዕሉ እንደ መስታወት ምስል ይገለበጣል። ስለዚህ ለህትመት የተዘጋጀ ንድፍ ከህትመቱ ጋር ሲተያይ በተቃራኒ አቅጣጫ መሆን አለበት። በንድፉ ላይ ያለው አረጋዊ በህትመቱ ላይ ካለው ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመለከት ከሆነ ከህትመቱ የተቀዳ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ነገር የሹል ብረቱ ዱካ ነው። መብራቱን ከጎን በኩል፣ ከወረቀቱ ጋር ሊነካካ እስኪቃረብ ዝቅ አድርገሽ ያዢው፤ መስመሮቹ በብረት ታልፎባቸው ከሆነ በጥፍር የተጫረ የሚመስል ጎድጎድ ያለ ዱካ ጥላ ሠርቶ ይታይሻል።

ሦስተኛው የእጁ አካሄድ ነው። በለጠፍሽው ፎቶ ላይ ጉልበቱን እዩት። ጥላው የተሠራው እኩል ተራርቀው ጉልበቱን እየዞሩ በሚሄዱ መስመሮች ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ቀጥኖ ይጀምራል፣ መሐሉ ላይ ይወፍራል፣ እንደገና ቀጥኖ ያልቃል። መስመሮቹ በሚቋረጡበትም በየክፍተቱ አንዳንድ ነጠብጣብ ተቀምጧል። ይህ የላባ ብዕር ጠባይ ሳይሆን መዳብ የሚቆርጠው ብረት ጠባይ ነው። ብሉማርት ለህትመት ሲነድፍ ጥላውን በአብዛኛው በውሃ በቀጠነ ቡናማ ቀለም ያለብሰዋል፤ ብርሃኑንም በነጭ ቀለም ያነሣዋል እንጂ ለቀራጩ መስመር በመስመር አይቆጥርለትም። በርግጥ በሃርለም የነበረው ሄንድሪክ ሆልትሲዩስ ሆን ብሎ በብዕር የመዳብ ህትመት የሚመስል ሥራ ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ ይህ ማስረጃ ብቻውን አይፈርድም። ግን ሆልትሲዩስ እንዲህ ሲሠራ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ እዚህ በጢሙ ላይ መስመሮቹ እየቆሙና እየቀጠሉ እንደሄዱ ይታያል።

የብራና ልጅ (ጎንደር)

እኔ ስለ አውሮፓ ሥዕል የማውቀው ጥቂት ነው፤ ስለ ቀለም ግን ከአባቴ የተማርኩት አለ። እኛ በብራና ላይ የምንጽፍበት ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ስለሆነ ዘመን ቢያልፍበትም ጥቁረቱን አይለቅም፤ ብራናውንም አይበላም። በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ቡናማ ቀለም ግን በወፈረበት ቦታ ዙሪያውን ቢጫ አድርጎ ዘልቋል። ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ስሙ የተጻፈበት ቀለም ለምን እንዲህ አላደረገም?

መዝገብ

መምህር፣ የሚያዩት ከዛፍ እጢና ከብረት ጨው የሚዘጋጀው ቀለም ነው። ሲጻፍበት ጥቁር ሆኖ፣ እያደር ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ አሲድ ስላለበትም ወረቀቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በኢንፍራሬድ ካሜራ ሲታይ ይህ ቀለም እየደበዘዘ ይጠፋል፤ የእናንተ የጥላሸት ቀለም ግን እንደጠቆረ ይቀራል። በዚያው ወረቀት ላይ ሁለት ቀለም መኖሩን ለመለየት ይህ ጥሩ መንገድ ነው። ቀለሙ ብቻውን ዘመን አይነግረንም፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲጻፍበት ኖሯልና። ጥያቄዎ ግን የሚጠቅመን በሌላ በኩል ነው፤ ንድፉና ስሙ በአንድ ቀለም ካልተጻፉ በአንድ ቀን ተጽፈዋል ብለን መነሣት አንችልም።

የወረቀት ወዳጅ (ኡትሬኽት)

ይቅርታ፣ ሦስት ሳምንት ዘገየሁ። ንድፉን ወደ አንዲት የወረቀት ጥገና ባለሙያ ወሰድኩት፤ ጥጎቹን በጥቂት እርጥበት አለስልሳ ከካርቶኑ አላቀቀችልኝ። ከዚያም በቀጠሮ ወደ አምስተርዳም ሄጄ በራይክስሙዚየም የወረቀት ሥራዎች ንባብ ክፍል ህትመቱን አየሁት። ያገኘሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ወረቀቱን ብርሃን ላይ ስንይዘው፣ ወረቀት የሚወጣበት የሽቦ ወንፊት አሻራ ተገለጠ፤ የተጠጋጉ ቀጫጭን መስመሮች፣ በየ25 ሚሊሜትሩ ገደማ ደግሞ እነርሱን የሚያቋርጥ መስመር። በታችኛው ግማሽ የውሃ ምልክት (ወረቀቱ ሲሠራ በውስጡ የሚቀር፣ ብርሃን ላይ ሲያዝ የሚታይ የሠሪው ምልክት) አለ፤ የጋሻ ታችኛው ክፍል፣ በውስጡ ተደራርበው የቆሙ ሁለት የኤክስ ቅርጽ መስቀሎች፣ ከጋሻውም ወደ ግራ የአንበሳ የኋላ እግር። ሦስተኛው መስቀልና ዘውዱ ወረቀቱ በተቆረጠበት ቀርተዋል ብላኛለች።

መብራቱን ከጎን አድርገን ስንፈልግ የብረት ዱካ በየትም ቦታ አላገኘንም። ጀርባው ላይ ጠመኔ አልታሸበትም። የሰብሳቢ ማኅተምም የለም።

የህትመቱ አረጋዊ ከእኔ ንድፍ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚመለከተው። በቀጭን ግልጽ ወረቀት ላይ የእኔን ዙሪያ መስመር ነድፌ ይዤ ነበርና፣ ሳነጻጽረው ልዩነቱ ከ2 ሚሊሜትር አይበልጥም።

በመጨረሻ የስሙን ቦታ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። እጥፋቱ በትክክል መሐል ላይ ሳይሆን ወደ ታች ዘንበል ብሎ ስለሚያልፍ የ«ብሉማርት» የመጀመሪያው ፊደል ራስ እጥፋቱን ይነካል። እዚያ ላይ ቀለሙ በተሰበሩት የወረቀቱ ቃጫዎች ውስጥ ገብቶ እንደ ሸረሪት እግር ተበትኗል። የአረጋዊው እግር መስመር ግን ያንኑ እጥፋት ሲያቋርጥ አልተበተነም፤ ከእጥፋቱ ጋር አብሮ ተሰንጥቋል።

መዝገብ

እህቴ፣ ስለ ስሙ የተነሣው ክርክር በዚህ ተዘጋ። ንድፉ የተሠራው ወረቀቱ ሳይታጠፍ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ሲታጠፍ የደረቀው መስመር አብሮ ተሰነጠቀ። ስሙ ግን የተጻፈው ከታጠፈ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ቀለሙ ወደ ተሰበረው ቦታ ሰረገ። በመካከላቸው ያለው ጊዜ አንድ ሳምንት ይሁን 200 ዓመት ይህ አይነግረንም፤ ሠዓሊው ንድፉን ጨርሶ የፈረመበት ነው የሚለው ግን ከእንግዲህ አያስኬድም።

የውሃ ምልክቱ የአምስተርዳም ከተማ አርማ ነው፤ ሦስት የእንድርያስ መስቀሎች በጋሻ ላይ፣ ከላይ ዘውድ፣ በሁለት አንበሶች የተደገፈ። ይህ ምልክት በብዛት የሚገኘው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በተሠሩ ወረቀቶች ላይ ነው። ህትመቱ በ1612 የወጣ ስለሆነ፣ ለህትመቱ የተዘጋጀው ንድፍ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ይገኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የሽቦ ወንፊቱ አሻራ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ይረዳናል። አሻራው የማይታይበት ልሙጥ ወረቀት በእንግሊዝ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተፈልስፎ፣ በ1757 ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ ታተመበት፤ ኋላም ተስፋፋ። የእርስዎ ወረቀት የአሮጌው ዓይነት ነው። ይህ ወሰኑን በጥብቅ አይዘጋውም፤ ለማታለል የሚፈልግ ሰው ከአሮጌ መጽሐፍ ባዶ ገጽ ሊቆርጥ ይችላልና። እዚህ ግን በማታለል የሚያስጠረጥር ነገር አላየሁም።

ከዘ ሄግ

አንድ ነገር ልቃወም። ብሉማርት እስከ 1651 በሕይወት ነበር፤ ልጆቹም በአባታቸው ሙያ ቀጥለዋል። ከእነርሱ አንዱ ፍሬድሪክ የአባቱን ንድፎች ለተማሪዎች መለማመጃ እንዲሆኑ በመዳብ ቀርጾ ከ1650 ገደማ ጀምሮ አሳትሟል። ወረቀቱ የክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ከሆነ፣ ንድፉ ከብሉማርት አውደ ሥራ የወጣ፣ ምናልባትም ሽማግሌው ቆሞ ያየው ሊሆን አይችልም? «ከህትመት የተቀዳ» ብለን ለመጣል አንቸኩል።

የጥላ መስመር

ወንድሜ፣ ይህን ማንሣትህ ተገቢ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እንደዚያ ነበር። ነገር ግን አውደ ሥራው ውስጥ የነበረ ተማሪ የመምህሩ ንድፎች በእጁ ናቸው። ከእነርሱ ቢቀዳ ኖሮ አረጋዊው በንድፉ አቅጣጫ፣ ማለትም ከህትመቱ በተቃራኒ በዞረ ነበር፤ ጥላውም በቀጠነ ቀለም በተሠራ ነበር። የእኛ ሰው ግን የህትመቱን አቅጣጫ፣ የህትመቱን መጠን፣ የህትመቱን የብረት መስመር ሳይቀር ተከትሏል። ከፊቱ የነበረው የታተመው ወረቀት ብቻ ነው። አውደ ሥራ ውስጥ ያለ ሰውም ህትመት አይቀዳም ማለቴ አይደለም፤ ከአውደ ሥራው ጋር የሚያገናኘው ክር ግን አንድም አላየሁም። ብሉማርትን መቅዳት ደግሞ በኡትሬኽት ብቻ የቀረ ልማድ አልነበረም፤ በ1735 እንኳ በፓሪስ ፍራንሷ ቡሼ የእርሱን ንድፎች እየቀዳ በህትመት አውጥቷል።

«መጣል» የሚለውን ቃል ግን አልቀበለውም። ይህ ሰው የአንድን ቅዱስ ጉልበት በሠላሳና አርባ መስመር ሲያዞር፣ ብዕሩን እያነሣና እየጣለ መዳብ ሊሆን የማይችለውን ላባ መዳብ ለማስመሰል ሲደክም ይታየኛል። ተማሪ ይሁን ምእመን አላውቅም፤ ጢሙ ላይ የቆመበትና እንደገና የጀመረበት ቦታ ግን ለእኔ ከብዙ የተፈረመ ንድፍ ይበልጥብኛል።

ከዘ ሄግ

የአቅጣጫው ነገር አሳምኖኛል፤ ቃሌን አንስቻለሁ። ታዲያ በምን ስም እንመዝግበው? የጨረታ ቤቶች «የእርሱ እንደሆነ የሚታመን»፣ «ከአውደ ሥራው»፣ «ከክበቡ»፣ «የተከታዩ»፣ «ከእርሱ የተቀዳ» እያሉ ደረጃ ያወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቃል ዋጋውን ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሰዋል።

መዝገብ

እዚህ አገር የሚሉት «ናር» ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ፣ እርሱን ተከትሎ የተሠራ ማለት ነው። እኔ እንዲህ ብዬ እጽፈዋለሁ፦ «ስሙ ያልታወቀ የሰሜን ኔዘርላንድ ሠዓሊ፣ በአብራሃም ብሉማርት ንድፍ ቡትየስ ቦልስቨርት ከቀረጸው ህትመት የቀዳው፣ አባ ጳውሊ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወይም ጥቂት ዘግይቶ፣ ብዕርና ቡናማ ቀለም።» «ጥቂት ዘግይቶ» የምለው የውሃ ምልክቱ ግማሹ ስለተቆረጠ ነው፤ ሙሉውን አርማ ብናገኝ ኖሮ ከተመዘገቡት ጋር አስተያይተን ወሰኑን ማጥበብ ይቻል ነበር። «የሰሜን ኔዘርላንድ» የምለውንም በወረቀቱ ላይ ተመሥርቼ ነው፤ የአምስተርዳም አርማ ያለበት ወረቀት ወደ ሌሎች አገሮችም ይሸጥ ስለነበር ከፊቱ «ምናልባት» የሚል ቃል ቢገባ አልቃወምም።

በዘ ሄግ ያለው የኔዘርላንድ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተቋም የምስል መዝገብ ስላለው ፎቶግራፉን ከእነዚህ ማስታወሻዎች ጋር ይላኩላቸው። ከዚያው እጅ የወጣ ሌላ መናኝ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ከሆነ የሚገናኙት በዚህ መንገድ ነው።

የብራና ልጅ (ጎንደር)

አንድ ነገር ልጠይቅ። ስሙ የሠዓሊው እንዳልሆነ ከታወቀ ባለሙያዋ ታጠፋው ይሆን?

መዝገብ

አይነካም፣ መምህር። ማን እንደጻፈው ባናውቅም፣ ንድፉ በአንድ ወቅት የብሉማርት ነው ተብሎ ይታመን እንደነበር የሚያሳየን እርሱ ብቻ ነው። የሰው እጅ ጽሕፈት ደግሞ ራሱ ዘመን አለው፤ ነገ የዚያን ፊደል አጣጣል የሚያውቅ ሰው ይመጣ ይሆናል።

የወረቀት ወዳጅ (ኡትሬኽት)

አልነካውም። ባለሙያዋ አሲድ ከሌለው ወረቀት በተሠራ ማስቀመጫ ውስጥ አስቀምጣልኛለች፤ ግድግዳ ላይ ከሰቀልሁትም ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ፣ ያውም ለጥቂት ወራት ብቻ እንዲሆን አስጠንቅቃኛለች። ጋሼ መዝገብ የጻፉትን እንዳለ በእርሳስ ገልብጬዋለሁ፤ በንድፉ ላይ ሳይሆን በማስቀመጫው ላይ፤ «ምናልባት» የሚለውንም ጨምሬበታለሁ። ሰማያዊውን ካርቶንም አልጣልኩትም፤ ጀርባው ላይ በቀይ እርሳስ የተጻፈ «27» የሚል ቁጥር አለ። ከአንድ ስብስብ 27ኛው ከነበረ ሌሎቹ 26ቱ የት እንዳሉ የሚያውቅ ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ።